ገንዘቡ ጥቂት የሆነ የፔዳል ስቲል ተጫዋች ምን ይግዛ?

የአሜሪካንን የካንትሪ ዘፈን በራዲዮም ሆነ በሸክላ የሰማ ሰው፥ ከዘፋኙ ድምፅ ጀርባ እንደ ልቅሶ እየተሳበ የሚወጣና የሚወርድ አንድ የአውታር ድምፅ መኖሩን ሳያስተውል አይቀርም። አንዳንዱ ቫዮሊን ይመስለዋል፤ አንዳንዱም የሰው ጉሮሮ ነው ብሎ ይከራከራል። የድምፁ ባለቤት ግን ፔዳል ስቲል ጊታር የሚባለው መሣሪያ ነው። እኛም በዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ መሣሪያ፥ ይልቁንም ከመሣሪያው ቀጥሎ ስለሚመጣውና የብዙ ተጫዋቾችን ኪስ ስለሚያራቁተው ስለ ፕሪአምፕ፥ የሚሰማንን ሐሳብ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን።

ፔዳል ስቲል ስሙ ጊታር ይሁን እንጂ እንደ ጊታር አይታቀፍም። አራት እግር ያለው ጠባብ ጠረጴዛ ይመስላል፤ ተጫዋቹም ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ ያኖረዋል። ብዙውን ጊዜ በአንዱ አንገት ላይ አሥር አውታሮች ተወጥረውበታል። ቀኝ እጅ በጣት በተጠለቀ መምቻ አውታሩን ይመታል፤ ግራ እጅ ድቡልቡል የብረት ዘንግ በአውታሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ግራ እግር ከሥር ያሉትን መርገጫዎች እየረገጠ የአውታሮቹን ውጥረት ይለውጣል፤ ጉልበቶች ማንሻዎችን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይገፋሉ፤ ቀኝ እግር ደግሞ የድምፁን መጠን የሚቆጣጠረውን ሌላ መርገጫ ሲጫንና ሲለቅ ያመሻል። ከተጫዋቹ አካል ሥራ ፈት የሚሆን ክፍል የለም ብንል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

የመሣሪያው ዘር ከሃዋይ ደሴቶች ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም ጆሴፍ ኬኩኩ የተባለው የሃዋይ ተወላጅ፥ ጊታርን በጭኑ ላይ አጋድሞ በብረት እያንሸራተተ መጫወትን እንደ ጀመረ ይነገራል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሪከንባከር በሚባለው ስም ለገበያ የወጣው የኤሌክትሪክ ጊታርም ቢሆን ለዚሁ ለሃዋይ አጨዋወት የተሠራ ነበር። ኋላም፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም.፥ ዌብ ፒርስ በዘፈነው «ስሎውሊ» በተባለው ዘፈን ላይ ባድ አይዛክስ የተባለው ተጫዋች አውታሩ ገና እየጮኸ ሳለ መርገጫውን ረግጦ ቃናውን ሲለውጥ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ብዙ የስቲል ተጫዋቾች በመሣሪያቸው ላይ መርገጫ ለማስገጠም ተሽቀዳደሙ።

ወደ ፕሪአምፑ እንለፍ። ከአውታሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል፥ በማግኔት ዙሪያ እጅግ የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ዕቃ አለ። አውታሩ ሲንቀጠቀጥ በዚህ ሽቦ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ኤሌክትሪክ እንዳለ ስፒከር ለማንቀሳቀስ አቅም የለውም፤ ስለዚህ በሁለት ደረጃ ይጎላል። መጀመሪያ ደካማውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወፍራሙን፣ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ እያመዛዘነ የሚያሰናዳው ፕሪአምፕ ነው፤ ቀጥሎ የተሰናዳውን በብዙ ዋት አበርትቶ ወደ ስፒከሩ የሚሰደው ዋናው ማጉያ ነው። ሁለቱ በአንድ ሳጥን ተደርገው ብቻ በሚሸጡበት ዘመን ጥያቄ አልነበረም። ዛሬ ግን ዋናው ማጉያ ክላስ ዲ በሚባለው አሠራር ምክንያት እጅግ ቀሎ በእጅ ቦርሳ የሚያዝ ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ለያይተው የሚገዙ ብዙዎች ናቸው። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ የተባለውን፥ 29 ኪሎ ግድም የሚመዝነውን የታወቀ ማጉያ በእኩለ ሌሊት ተሸክሞ ደረጃ የወረደ ሰው፥ ስለምን እንደሚለያዩ አይጠይቅም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ባለሙያ የሚጫወትበት ፔዳል ስቲል አዲስ ሲገዛ ብዙ ሺህ ዶላር ያስወጣል። ገዢው ደግሞ ሁልጊዜ ባለጸጋ አይደለም፤ ቀን ሌላ ሥራ የሚሠራ፥ በሳምንት መጨረሻ በቤተ ክርስቲያን ወይም በመጠጥ ቤት ተጫውቶ ጥቂት ዶላር የሚያገኝ ሰው ይሆናል። መሣሪያውን በስንት ቁጠባ ከገዛ በኋላ ወደ ቀደሙት ተጫዋቾች ቀርቦ «አሁን ምን ልግዛ?» ቢል፥ «ልጄ፥ ሺህ ዶላር ያላወጣህበት ፕሪአምፕ ድምፅ አይሰጥህም» የሚል መልስ የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ምክሩን የሰማ ተበድሮ ይገዛል፤ መበደር ያቃተው ደግሞ ጥፋቱ የራሱ መስሎት መሣሪያውን መልሶ ይሸጣል። ለመማር ብዙ ዓመት ለሚጠይቅና ተማሪው ጥቂት ለሆነ መሣሪያ እንዲህ ያለው ምክር ጉዳት ነው እንላለን። ለፔዳል ስቲል የሚስማማ ፕሪአምፕ ሊኖረው የሚገባው ጠባይ የታወቀ ነው፤ ያም ጠባይ ከአንድ መቶ እስከ ሁለት መቶ ዶላር በሚያወጣ፥ ይልቁንም ባገለገለ ዕቃ ውስጥ ይገኛል።

ምክንያታችንን እናስረዳ። በተራ የኤሌክትሪክ ጊታር ፒክአፕ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ኦም የሚደርስ ተቃውሞ አለው። በፔዳል ስቲል ላይ ግን ሽቦው እጅግ ስለሚበዛ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ኦም ይደርሳል። ይህም በሜትር የተለካው ብቻ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ሲመጣ ተቃውሞው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። እንዲህ ያለ ፒክአፕ ጭነት አይወድም። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ዕቃ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠባ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭኑ፥ ያ የሚያብረቀርቀው ድምፅ ነው። የተለመደው የድምፅ መርገጫ በውስጡ 500 ኪሎ ኦም የሆነ ተለዋዋጭ ተቃዋሚ አለው፤ ማጉያው በተለመደው አሠራር 1 ሜጋ ኦም ነው፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ፒክአፑ የሚያየው 333 ኪሎ ኦም ግድም ብቻ ይሆናል።

ከዚህ የሚብሰው ግን መርገጫው ወደ መካከል ሲመለስ የሚሆነው ነው። የስቲል ተጫዋች አውታሩን የሚመታው መርገጫውን ለቀቅ አድርጎ ነው፤ ድምፁ እየደከመ ሲሄድ እርሱ ደግሞ ቀስ እያለ እየረገጠ ይደግፈዋል። ያ የማያልቅ የሚመስለው ልቅሶ የሚመጣው በዚህ ዘዴ ስለ ሆነ፥ መርገጫው አብዛኛውን ሰዓት የሚያሳልፈው በመካከል ነው። በመካከል ሳለ ተቃዋሚው ለሁለት 250 ኪሎ ኦም ተከፍሎ ወደ ውጭ የሚወጣው ኤሌክትሪክ 125 ኪሎ ኦም የሚያህል ተቃውሞ ያልፋል። የጊታር ገመድ ደግሞ በሜትር 100 ፒኮ ፋራድ ያህል ኤሌክትሪክ የማቆር ጠባይ አለው። ከመርገጫው እስከ ማጉያው 5 ሜትር ገመድ ቢዘረጋ 500 ፒኮ ፋራድ ነው። ሒሳቡን ያወጣ ሰው ከ2,500 ሄርዝ በላይ ያለው ድምፅ መድከም እንደሚጀምር ያገኛል። ተጫዋቹ «ድምፄ ደነዘዘብኝ፥ የተሻለ ፕሪአምፕ ልግዛ» ብሎ ወደ ገበያ የሚሮጠው እንግዲህ ከአምስት ሜትር ገመድ ጋር ተጣልቶ ነው።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ባፈር የሚባል፥ ድምፁን ሳያጎላ ደካማውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ በብርታት የሚያስተላልፍ ትንሽ ዕቃ በጊታሩና በመርገጫው መካከል ይገባል፤ ጉድሪች የተባለው ኩባንያ ማችቦክስ ብሎ የሸጠው ለዚሁ ሥራ ነበር። ይህ ፒክአፑን ከጭነት ያሳርፈዋል። ከመርገጫው በኋላ ያለውን ጣጣ ግን አይፈታም፤ ለዚያ መፍትሔው ፕሪአምፑን ከተጫዋቹ አጠገብ አኑሮ ከመርገጫው በአንድ ሜትር ገመድ ማገናኘት፥ ረጅሙን ገመድ ከፕሪአምፑ በኋላ መዘርጋት ነው። ዕቃው ያው ሆኖ ስፍራው ብቻ ሲለወጥ ድምፁ ይለወጣል። ስለዚህ ፕሪአምፕ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ መመልከት ያለበት የመግቢያው ተቃውሞ 1 ሜጋ ኦም ወይም ከዚያ በላይ መሆኑን ነው፤ በመመሪያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ለማይክሮፎን ወይም ለፒያኖ የተሠራ መግቢያ ከዚህ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፥ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ለስቲል አይሆንም። አንዳንድ ተጫዋቾች ጭነቱ የሚፈጥረውን ለስላሳ ድምፅ ለምደውት ባፈር ሲገባ «በጣም ሾለ» ብለው መልሰው ይነቅሉታል። ከጆሮ ጋር ክርክር የለም፤ ቢያንስ ግን የነቀሉት ምን እንደ ሆነ አውቀው ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ፕሪአምፑ ሳይሻክር የሚችለው የኃይል መጠን ነው። የሮክ ተጫዋች ሻካራ ድምፅ ይፈልጋል፤ ለእርሱ የተሠሩትም ዕቃዎች ቶሎ እንዲሻክሩ ሆነው ተሠርተዋል። ስቲል ግን ንጹሕ ድምፅ ነው የሚፈልገው፤ ፒክአፑም ብርቱ ስለ ሆነ ሦስት አውታር በአንድ ጊዜ በኃይል ሲመታ ከአንድ ቮልት በላይ ሊወጣ ይችላል። በ9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ዕቃ ከላይና ከታች ከአራት ቮልት ግድም በላይ መወዛወዝ አይችልም፤ ስለዚህ ድምፁን አምስት እጥፍ ልጨምር ቢል ጫፍና ጫፉ ይቆረጣል። በ18 ቮልት የሚሠራ፥ ወይም ከባትሪው ተቀብሎ ቮልቱን በውስጡ የሚያበዛ፥ ወይም ከግድግዳ ኤሌክትሪክ የሚወስድ ቢመረጥ ይሻላል። በዋጋ ያለው ልዩነት ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ ስለ ቲዩብ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ቲዩብ ያ በድሮ ራዲዮኖች ውስጥ እየጋለ የሚያበራው የመስታወት ብልቃጥ ነው። በሚገባ በተሠራ ፕሪአምፕ ውስጥ ከ200 እስከ 300 ቮልት ተሰጥቶት ሲሠራ፥ ብርቱ ፒክአፕ ሳይሻክር የሚቀበል ግሩም ዕቃ ነው። ዳሩ ግን ዛሬ በገበያ ላይ ቲዩቡ በመስኮት እየታየ የሚያበራ፥ ውስጡ ግን በጥቂት ቮልት ብቻ የሚነዳ ርካሽ ዕቃ ሞልቷል። እንዲህ ያለው ቲዩብ የሚጨምረው ሻካራነትን ነው፤ ድምፁን ንጹሕ አድርጎ የሚያጎላው ጎን ያለው ትራንዚስተር ይሆናል። ብርሃኑን አይቶ ከሚገዛ ሰው ይልቅ ቮልቱን ጠይቆ የሚገዛ ሰው ይጠቀማል።

«ያለ ቲዩብ ስቲል አይሆንም» የሚሉትን አረጋውያን እናከብራለን፤ እኛ ወጣቶች ነን፥ እነርሱም ከእኛ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን በዚህ ድምፅ ውስጥ ኖረዋል። ነገር ግን የመሣሪያው ታሪክ ራሱ አይመሰክርላቸውም። በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር በሜሪዲያን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. የተቋቋመው የፒቪ ኩባንያ፥ በ1970ዎቹ ሴሽን 400 የተባለውን፥ ከእርሱም በኋላ ናሽቪል 400 የተባለውን ባለ 15 ኢንች ስፒከር ማጉያ ለስቲል ተጫዋቾች ሠርቶ አቀረበ። ሁለቱም የትራንዚስተር ናቸው፤ በውስጣቸው አንድም ቲዩብ የለም። ለብዙ ዓመታት በመድረክ ላይ ከፔዳል ስቲል ጎን የሚታየው ማጉያ ይኸው ፒቪ ነበር። አድማጩ በፍቅር የሚያስታውሰው ድምፅ በብዛት ከትራንዚስተር የመጣ ከሆነ፥ አዲሱን ተማሪ ስለ ቲዩብ ብሎ ዕዳ ውስጥ የሚከት ምክር ከየት እንደ መጣ አይገባንም።

ይልቅስ ከቲዩብና ከትራንዚስተር ክርክር የሚበልጠው የመካከለኛው ድምፅ ጉዳይ ነው። የስቲል ፒክአፕ መካከለኛ ድምፅ ይበዛበታል፤ እንዳለ ቢለቀቅ በአፍንጫው እንደሚናገር ሰው ይሆናል። የፌንደር ማጉያዎች የድምፅ ማመዛዘኛ በተፈጥሮው መካከለኛውን ስለሚቀንስ ከስቲል ጋር ተስማማ። በፒቪዎቹ ላይ ደግሞ የመካከለኛውን ድምፅ ስፍራ የሚያዛውር ቁልፍ አለ፤ ብዙ ተጫዋቾች ቁልፉን ወደ 800 ሄርዝ ግድም አምጥተው መካከለኛውን በብዙ ይቀንሳሉ። እንግዲህ በፕሪአምፑ ላይ ወፍራምና ቀጭን የሚሉ ሁለት ቁልፎች ብቻ ካሉበት ይቅርብን እንላለን። መካከለኛውን የሚቀንስ ቁልፍ ይኑርበት፤ ስፍራውን የሚያዛውር ከሆነማ ዋጋው በሃያና በሠላሳ ዶላር ቢበልጥም ይገዛ። የፌንደርን ጠባይ እንዲመስሉ በእግር መርገጫ መልክ የተሠሩ ትናንሽ የትራንዚስተር ፕሪአምፖችም አሉ፤ ቴክ 21 የተባለው ኩባንያ ብሎንድ ብሎ የሰየመው ከእነዚህ አንዱ ነው። ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው ብንል አናፍርም።

ውድ የሆነው ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። አሌምቢክ ኤፍ 2ቢ የተባለው የቲዩብ ፕሪአምፕ፥ ሳርኖ በሚባለው ስም የሚሸጡትም፥ በሚገባ የተሠሩና ሲበላሹ የሚጠገኑ ዕቃዎች ናቸው። በስቱዲዮ ውስጥ በየቀኑ እየተቀረጸ እንጀራውን የሚያበስል ሰው ቢገዛቸው ገንዘቡን ይመልስበታል። የእኛ ክርክር ገና ዘንጉን ቀጥ አድርጎ መያዝ ለሚማረው ሰው ነው። ዘንጉ ከፍሬቱ መስመር በፀጉር ያህል ቢያልፍ ቃናው ይሰበራል፤ ይህን የሚያስተካክል ፕሪአምፕ እስካሁን አልተሠራም። በዚያው ገንዘብ ለስንት ወር አስተማሪ ይቀጠርበት ነበር!

በሱቅ ውስጥ የሚፈተንበት መንገድም ዋጋ አለው። ገዢው የራሱን ስቲልና የራሱን መርገጫ ይዞ ይሂድ፤ በተራ ጊታር የተሞከረ ነገር ስለ ስቲል አይናገርም። መርገጫውን ወደ መካከል መልሶ ከላይኛው ክፍል አንድ ቀጭን ኖታ ይምታና እስከ መጨረሻው ይጠብቅ፤ ቀጭኑ ጫፍ ከኖታው ቀድሞ ከሞተ ችግሩ ታወቀ። ከዚያም ከሥር ያሉትን ወፍራም አውታሮች በኃይል መትቶ መሻከሩን ያድምጥ። ሁለት ፕሪአምፕ ሲያወዳድር ደግሞ ጓደኛው ድምፃቸውን እኩል አድርጎ፥ የትኛው እንደ ሆነ ሳይነግረው ያቀያይርለት። የሰው ጆሮ ጥቂት ከፍ ያለውን ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ አድርጎ ይቈጥረዋልና፥ አንዱ በጥቂት ከፍ ካለ ፈተናው ተበላሸ። ዓይኑን ጨፍኖ ሲሰማ የሺህውን ዶላር ከመቶው መለየት ያቃተው ሰው፥ መቶውን ይዞ ወደ ቤቱ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም።

ይህ ሁሉ ለአገራችን አንባቢ የሩቅ ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ክራሩ ላይ ፒክአፕ ለጥፎ በመድረክ የሚጫወት የእኛ ሙዚቀኛ፥ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፥ ከዚሁ ችግር ጋር ይገናኛል፤ የሚገናኘው ግን በተቃራኒው በኩል ነው። በክራር ላይ የሚለጠፈው ፒዬዞ የሚባለው ዓይነት ሲሆን፥ እርሱ ተቃውሞው አነስተኛ በሆነ መግቢያ ላይ ሲሰካ የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ ነው። ክራሩ እንደ ቆርቆሮ የሚጮኸው በዚህ ምክንያት ሊሆን ሲችል፥ ጥፋቱ በእንጨቱ ወይም በተጫዋቹ ጣት ላይ ይለጠፋል። ለስቲሉ ያልነው 1 ሜጋ ኦም ለክራሩም የሚያንስ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ፕሪአምፑን ገዝቶ በቀጥታ ወደ አዳራሹ የድምፅ ማደላደያ የሚሰካ ሰው ድምፁ እንደ ምላጭ ሲሆንበት ይደነግጣል። የጊታር ስፒከር ከ5,000 ሄርዝ ግድም በላይ ያለውን ድምፅ በተፈጥሮው ያዳክማል፤ የአዳራሹ ስፒከር ግን ሁሉንም አጉልቶ ያወጣል። ስለዚህ በዚህ መንገድ መጫወት የሚፈልግ የስፒከርን ጠባይ የሚመስል መውጫ ያለውን ፕሪአምፕ ይግዛ። በቤቱ አሮጌ ማጉያ ያለው ሰው ደግሞ አዲሱን ፕሪአምፕ ከፊት ለፊቱ መግቢያ ላይ ሰክቶ ሁለት ፕሪአምፕ አንዱን በሌላው ላይ ከመደራረቡ በፊት፥ በቀጥታ ወደ ዋናው ማጉያ የሚያስገባ ቀዳዳ መኖሩን ይመልከት። በናሽቪል 400 ላይ አለ። በዚያ ቀዳዳ ሲሰካ የማጉያው የራሱ ፕሪአምፕ ከመንገድ ይወጣል፤ የፕሪአምፑ ክፍል የሞተበት አሮጌ ፒቪም በጥቂት ዶላር ተገዝቶ በዚሁ መንገድ እንደገና ያገለግላል።